መጨረሻ የገባ ያዳፍናል

ባለፈው ሰሞን ዘጠነኛ ክፍል ገብቼ ሳስተምር አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ከርፊው ምን ማለት ነው?» አለችኝ። ቃሉ የንባቡ መሐል ላይ እንዳለ አውቅ ነበር። ማንም ሳያስተውለው ደወል እንዲደወልልኝ ሰዓቴን ሳይ ነው የያዘችኝ።

እዚሁ አቃቂ እንግሊዝኛ ሳስተምር ፀጉሬ ሸብቷል። ቃል ሲጠይቁኝ ደስ ይለኛል። ትርጉሙን ነግሬ ዝም አልልም፤ ከየት አገር እንደመጣ፣ ድሮ ምን ይባልበት እንደነበረ፣ ዛሬ እንዴት ባለ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እንደሚገባ እዘረዝራለሁ። ልጆቹ «ቲቸር ወርቅነሽ የቃል ዘር ትቆጥራለች» እያሉ ያሙኛል፤ ሰምቼ እንዳልሰማ አልፋቸዋለሁ። ለዚህ ቃል ግን ሰሌዳው ላይ «ሰዓት እላፊ» ብዬ ጻፍኩና ጠመኔውን አስቀመጥኩ።

«ከየትኛው ቋንቋ ነው የመጣው ቲቸር?» አለች ያቺው ልጅ። እንዲህ ብላ እንድትጠይቅ ያስለመድኳት እኔው ነኝ።

«ሌላ ጊዜ» አልኳት። ሌላ ጊዜ የሚባለው እንደማይመጣ ሁለታችንም እናውቃለን።

ይህን ቃል መጽሐፍ ሳልገልጥ ነው የማውቀው። አንድ ምሽት ወንድሜ ቀናው ከትምህርት ቤት ይዞት መጣ፣ ቤታችን ውስጥ ትንሽ ጊዜ አብሮን ኖረ፣ ከዚያ ቤታችንን አፈረሰው።

ቤታችን ከአቃቂ ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር ነበር። ባቡር ባለፈ ቁጥር ብርጭቆዎቹ መደርደሪያው ላይ ይንጫጫሉ፤ እኛ ድምፃችንን ከፍ አድርገን ወሬያችንን እንቀጥላለን። አባቴ ገብረጻድቅ ሐዲድ ፈታሽ ነበር። ጎህ ሲቀድ ረጅም እጀታ ያለው መዶሻውን ትከሻው ላይ ጣል ያደርግና ሐዲዱን እየመታ ይሄዳል፤ ከድምፁ የላላውን ብሎን ያውቃል። እናቴ ብዙወርቅ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች፤ አንድ ሳምንት ጠዋት፣ አንድ ሳምንት ከሰዓት ትገባለች። ቀናው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበር፣ እኔ አንደኛ። በእኔና በእሱ መካከል የተወለዱት ልጆች አላደጉም። ስለዚህ ለእሱ እህትም ልጅም ነበርኩ፤ ጠዋት ጫማዬን የሚያስርልኝ እሱ ነው፣ ማሰሪያውን ሁለቴ ቋጥሮ «ይሄ የባቡር ቋጠሮ ነው፣ አይፈታም» ይለኛል።

ሁላችንም በየሰዓታችን ስለምንወጣና ስለምንገባ ቤቱ አንድ ሕግ ነበረው። እሳቱን የሚያዳፍነው መጨረሻ የገባው ሰው ነው። ቀድሞ የገባ እሳቱን አይነካም፤ ወጡን ምድጃው ጥግ አስጠግቶ ይተዋል። መጨረሻ የገባው ትኩሱን በልቶ ሲጨርስ ፍሙን ይሰበስብና አመድ ያለብሰዋል። ጠዋት እናቴ ተነስታ አመዱ ተከምሮ ካገኘችው ሁሉም ሰው ገብቷል ማለት ነው፤ አልጋ አልጋውን እየዞረች አታይም። በሌላው ቤት ይህ የእመቤቲቱ ሥራ ነው፤ ጎረቤቶቻችን «የነብዙወርቅ ቤት ወንዱም አመድ ይዝቃል» ብለው ይስቁብን ነበር። እኔ ደግሞ አንድም ቀን መጨረሻ ገብቼ ስለማላውቅ እሳት ማዳፈን ትልቁ ምኞቴ ነበር።

ያ ምሽት ትዝ ይለኛል። አባቴ እግሩን ሳፋ ውስጥ ነክሮ ተቀምጧል። እናቴ ምድጃው አጠገብ ሽንኩርት ትከትፋለች። ቀናው የተዋሰውን ወፍራም መዝገበ ቃላት ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ብቻውን ይስቃል።

«አባዬ፣ ይቺን ስማ። ሬዲዮኑ ሰዓት እላፊ፣ ሰዓት እላፊ የሚለውን እንግሊዞች ከርፊው ይሉታል። ከድሮ ፈረንሳይኛ የመጣ ነው ይላል። ኩቭር አለ፣ ከዚያ ደግሞ ፈ።»

አባቴ ዕድሜውን በሙሉ ከፈረንሳይ አለቆች ጋር የሠራ ሰው ነው፤ ፈረንሳይኛውን የተማረው ሲጮሁበት ነው። እጁን ወደ ላይ አንስቶ አሰበ።

«ኩቭሬ! ኩቭሬ! ይል ነበር ሙሴው፣ ዝናብ ሲመጣ። ሲሚንቶውን ሸፍኑ ማለቱ ነው። ፈ ደግሞ መብራት ነው። ፈ ሩዥ ካሉህ ቀይ መብራት ነው፣ ባቡሩ ቀጥ ይላል።»

«መዝገበ ቃላቱ እሳት ነው የሚለው።»

«ለባቡር መብራት ነው፤ ለሰው እሳት ይሆናላ!»

ሁለቱም እኩል ሳቁ። ቀናው ከተቀመጠበት ተነስቶ ያነበበውን ያወራልን ጀመር። በድሮ ጊዜ በፈረንጅ አገር ቤቱ ሁሉ የእንጨትና የሣር ነበር አሉ። አንድ ቤት ከተያያዘ ከተማው ያልቃል። ስለዚህ ሲመሽ ደወል ይደወላል፤ ደወሉን የሰማ ሁሉ እሳቱን አመድ አልብሶ ይተኛል። የቃሉ ትርጉም በቃ ይኸው ነው፣ እሳትህን ሸፍን።

እናቴ ቢላዋውን አስቀመጠች። «ታዲያ ምኑ ነው ጉዱ? እኛ ማታ ማታ የምናደርገውን ነው ፈረንጅ ስም አውጥቶ መጽሐፍ ላይ የሚጽፈው?»

«እነሱ ደወል ተደውሎባቸው ነው እማዬ። አንቺን የሚያዝሽ የለም።»

«እኔንማ ማን ደፍሮ!» አለች፣ አባቴም በሳፋው ውሃ ረጨት አደረጋት። እናቴ እንደዚያ ስትስቅ ከዚያ በኋላ አላየኋትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃሉ የቤታችን ሆነ። አባቴ ከሥራ ሲገባ ገና በሩ ላይ ሆኖ «ዛሬ ኩቭር ፈ ማን ነው?» ይላል፤ መጨረሻ የሚገባው ማን ነው ማለቱ ነው። ቀናው ትምህርት ቤት አምሽቶ ካላጠና፣ እናቴ ፈረቃ ካልሆነች፣ ኩቭር ፈው አባቴ ራሱ ነው። ዛሬ ለተማሪዎቼ አንድ ቃል በየቤቱ እንዴት እንደሚለወጥ ሳስረዳ ሌላ ሌላ ምሳሌ እሰጣለሁ። ቤት እንዳይቃጠል የተደወለ ደወል ቀስ በቀስ ሰው እንዳይወጣ የሚደወል ሆነ፤ ቆይቶ ደወሉ ቀርቶ ጠመንጃ ተተካ። መጽሐፎቹ ይህን በሁለት መስመር ይጨርሱታል።

እኔ ግን ያኔ የገባኝ ሌላ ነው። ቀናው የነገረንን ቃል በቃል ነው የያዝኩት። ጠመንጃ የያዙት የቀበሌ ጠባቂዎች አመሻሽ ላይ በሰፈራችን ሲዞሩ ሳይ፣ በየቤቱ እሳት መዳፈኑን የሚያዩ መሰለኝ። አንዳንድ ምሽት ከወንዙ ማዶ ተኩስ ሲሰማ፣ አንድ ቤት እሳት ሳያዳፍን ተገኘ ብዬ አስባለሁ። እኛ ደግሞ ሁልጊዜ እናዳፍናለን። ስለዚህ አልፈራም ነበር።

ጊዜው ስልሳ ዘጠኝ ነው፣ የፋሲካ ሰሞን። ቀናው ትምህርት ቤት መሄዱን አቆመ። ሰው በር ሲያንኳኳ ወደ ጓዳ ይገባል። ትልልቆቹ ሲያወሩ እኔ ስገባ ዝም ይላሉ፤ ጆሮዬን ጣል ባደርግም ግማሹን እንጂ ሙሉውን አልይዝም።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ጋሽ ኩምሳ መጡ። ጋሽ ኩምሳ የጭነት ባቡር ላይ ፍሬን የሚይዙ፣ የአባቴ የልብ ወዳጅ ናቸው። የዚያው የአቃቂ ገበሬ ልጅ ስለሆኑ «ባቡሩ የሚሄደው በአባቴ ጤፍ ላይ ነው» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ያን ቀን አልቀለዱም። ቆባቸውን ሳያወልቁ ወደ አባቴ ጆሮ ጠጋ ብለው «ስሙ ተጠርቷል ገብሬ» አሉት። አባቴ ግድግዳውን ተደገፈ።

እኔ በደስታ ዘለልኩ። ትምህርት ቤታችን ግቢ ተሰልፈን ስሙ የተጠራ ልጅ ወጥቶ እርሳስ ይሸለማል። ሮጬ ጓዳ ገባሁና ቀናውን አንገቱን ይዤ «ምን ሸለሙህ?» አልኩት።

ትንሽ አየኝ። ከዚያ ፈገግ አለ። «የባቡር ጉዞ» አለኝ።

«ወዴት?»

«ድሬዳዋ።»

ዓይኔ ላይ ምን ያህል ደስታ አይቶ ይሆን? ዛሬ ሳስበው አንጀቴን ይበላኛል። በዚያ ሰዓት ለእኔ የሚሆን መልስ ፈልጎ አገኘ።

በማግስቱ ጀምበር ስትጠልቅ ሄደ። ሻንጣ የለውም፤ ሽልማት ላይ ሻንጣ አይያዝም ብዬ ራሴን አስረዳሁ። እናቴ ቆሎ በጨርቅ ቋጥራ ኪሱ ውስጥ ጨመረችለት፤ አውጥታ እንደገና ቋጠረችው፤ እንደገና ጨመረችው። እኔ ፊት ተንበርክኮ ጫማዬን አሰረልኝ፣ የትም የማልሄድ ቢሆንም። ከዚያ ወደ ምድጃው ዞሮ ለእናቴ ይሁን ለእኔ ሳይለይ «እሳቱን አደራ። ኩቭር ፈው እኔ ነኝ፤ ስመጣ አዳፍነዋለሁ» አለ።

እናቴ እጁን ይዛ ሳመችው፣ መዳፉን፣ ከላይም ከታችም። አባቴ ቀድሞ ወጥቶ ነበር።

አባቴ በማግስቱ ከሐዲድ ፍተሻ ሲመለስ ኮት አልነበረውም። የባቡር ድርጅቱ ሠራተኛ ሁሉ የሚለብሰው ሰማያዊ ካፖርት ነበረው፣ የነሐስ ቁልፍ ያለው፤ በበጋም በክረምትም አይለየውም። ያን ቀን በሸሚዝ ብቻ ገባ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። መዶሻውን በሩ ጥግ አቆመና ቆሞ ቀረ።

«ኮትህስ?» አለች እናቴ።

«ለቀናው ሰጠሁት።»

«አገኘኸው? ተሳፈረ?»

«ተሳፈረ። ሰጠሁት። ማታ ማታ ይበርደዋል ብዬ።»

እናቴ ቀና ብላ አየችው። «ድሬ?» አለች ቀስ ብላ። «ድሬ ይበርዳል እንዴ?»

«መንገዱ» አለ አባቴ። «መንገዱ ላይ ይበርዳል።» ሳፋውን አንስቶ ወደ ውጭ ወጣ። ውሃ ሲቀዳ ረጅም ጊዜ ቆየ።

እኔ ግን ነገሩን ተቀብዬ አደርኩ። ቆይቶ ትምህርት ቤት ውስጥ ስለ ቆላና ደጋ ስንማር እጄን አውጥቼ «ድሬዳዋ ደጋ ነው፣ ወንድሜ ካፖርት ለብሶ ነው የሚኖረው» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ተቀመጪ አሉኝ። እኔ ሳለቅስ ዋልኩ እንጂ ሐሳቤን አልቀየርኩም፤ ከአባቴና ከመምህሩ ማን ያውቃል?

ከዚያ ወዲያ እቤታችን እሳት አልተዳፈነም። አባቴ ሲገባ «ኩቭር ፈ ማን ነው» ማለቱን ተወ። እራት በልተን ስንጨርስ እናቴ አንድ ትንሽ ድስት ምድጃው ጥግ ታስጠጋለች፣ ከሰል ትጨምራለች፣ ምድጃው አጠገብ ነጠላዋን ተከናንባ ትቀመጣለች። እኔ እንቅልፍ እስኪወስደኝ እዚያው ናት። ጠዋት ስነሳ አመዱ አልተከመረም፤ ከሰሉ ነድዶ አልቆ ብን ያለ ነጭ አመድ ሆኗል፣ ከጎረቤት እሳት ጫሪ ተብዬ እላካለሁ።

«ብዙዬ፣ ልጁ እኮ መንገድ ላይ አይደለም» ይላታል አባቴ። «ድሬ ነው ያለው። ድሬ ያለ ሰው ዛሬ አይገባም። አዳፍኚው።»

«እኔ አላዳፍንም። መጨረሻ የገባ ያዳፍናል።»

ያኔ ነው ፍርሃት የያዘኝ። ዘበኞቹ የእኛን ቤት ሊያገኙት ነው አልኩ። አንድ ምሽት እንደፈራሁት በራችን ተንኳኳ። ከጠባቂዎቹ አንዱ የሰፈራችን ጎረምሳ ነበር፤ ጠመንጃው ከእሱ ይረዝማል።

«እትዬ ብዙወርቅ፣ ምንድን ነው በየምሽቱ እሳት የሚነድደው? ሰው ትጠብቃላችሁ እንዴ?»

«ይቺ ልጅ ትኩሳት ይዟት ነው» አለች እናቴ ወደ እኔ እያሳየች። «ውሃ አሞቅላታለሁ።»

ምንም አላመመኝም። ላስተባብል አፌን ስከፍት ጣቶቿ ትከሻዬ ላይ ጠበቁ። ጎረምሳው ሲሄድ እናቴ ዋሸች ብዬ አኮረፍኳት። ሆን ብዬ ሳልኩባት። ግንባሬን ዳሰሰችና የእውነት እንዳመመኝ አቅፋ አስተኛችኝ፤ ያን ምሽት ልቧ እንዴት ይመታ እንደነበረ ጀርባዬ ላይ ይታወቀኝ ነበር።

ደስታም ነበረን፤ ቀናው ከድሬ ይልክልን ነበር። አባቴ በየጊዜው በወረቀት የተጠቀለለ ተምር ይዞ ይገባል። «ኩምሳ ይዞልን መጣ። ደህና ነው ብሏል። ወፍሯል። እህቴን ሳሙልኝ ብሏል።» ይስመኛል፤ አንዴ ለራሱ፣ አንዴ ለቀናው። ተምሩ ለስላሳ ነው፣ ጣት ላይ ይጣበቃል። እናቴ አንዱን አንስታ በጣቶቿ ታገላብጠዋለች፣ ለእኔ ትሰጠኛለች፣ እሷ ግን አትቀምስም። እኔ የውስጡን ፍሬዎች ሰብስቤ ለቀናው አሳየዋለሁ ብዬ ጣሳ ውስጥ አስቀምጥ ነበር።

እውነቱን የሰማሁት እናቴ ከሞተች ከብዙ ዓመት በኋላ፣ አባቴን በቀበርን ማግስት ነው። ድንኳን ውስጥ ጋሽ ኩምሳ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ያኔ ከዘራ ይዘዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል።

«ወርቄ፣ ይህን ይዤ አልቀበርም» አሉኝ። «ቀናው ባቡሬ ላይ አልወጣም።»

የተነጋገሩት እንዲህ ነበር። ወንዙ ላይ ያለው ድልድይ አጠገብ ባቡሩ ቀስ ይላል፤ ቀናው እዚያ ይጠብቃል፣ ጋሽ ኩምሳ ከኋለኛው ፉርጎ እጁን ይዘው ይጎትቱታል። ጋሽ ኩምሳ ፋኖሳቸውን ዝቅ አድርገው ይዘው ድልድዩን እስኪያልፉ ጎንበስ ብለው አዩ። ማንም የለም። ሐሳቡን ቀይሮ ተመልሷል ብለው ጉዟቸውን ቀጠሉ።

ጎህ ሲቀድ አባቴ ሐዲዱን እየመታ እዚያ ደረሰ። ቀናው ከድልድዩ ሥር፣ ውሃው ዳር ተኝቷል። ቆሎው ተበትኗል። ከመንገዱ በኩል የመኪና ድምፅና የሰው ወሬ ይሰማል፤ የተኮሱት ሰዎች ሊያነሱት እየመጡ ነው። አባቴ «ልጄ» ቢል፣ ተከትለውት ይመጣሉ፣ ቤቱ ይበረበራል፣ ብዙወርቅ ትወሰዳለች፣ እኔም አለሁ። ጭቃው ውስጥ ወረደ። ካፖርቱን አወለቀ። ልጁን አለበሰው፣ ቁልፎቹን እስከ አንገቱ ቆለፈለት። ከዚያ ወደ ሐዲዱ ወጥቶ መዶሻውን አነሳና ድምፁን እያዳመጠ፣ እየመታ ሄደ። እስከ መጨረሻው ፈትሾ ጣቢያው ገብቶ «ሐዲዱ ደህና ነው» ብሎ አስታወቀ። የት እንደቀበሩት እሱም አላወቀም።

«ኮቱን ሰጠሁት ያለው እውነት ነው» አሉኝ ጋሽ ኩምሳ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «እኔም ወደ ድሬ በሄድኩ ቁጥር ተምሩን ከዚያው ገዝቼ አመጣለት ነበር። ቢያንስ ተምሩ የእውነት ከድሬ ይሁን ብዬ።»

እንግዲህ ወደዚያው ዓመት ክረምት ልመለስ። ስንቴ እዚህ ላይ ደርሼ ተመልሻለሁ፤ ዛሬ ግን ልጨርሰው።

ሐዲዱ ከወደ ድሬዳዋ ተቆርጦ ነበር። ጦርነት ነው፣ ድልድይ ፈርሷል ይባላል። እኔ ይህን አላውቅም። እኔ የማውቀው ጎረቤታችን እትዬ ዳሲቱ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ እንዳባራ ሙሉ ቅርጫት የተቀቀለ እንቁላል ይዘው መምጣታቸውን ነው። እትዬ ዳሲቱ ጣቢያው ላይ ለመንገደኛ እንቁላል ይሸጡ ነበር።

«እንኩ፣ ብሉት!» አሉ ቅርጫቱን ዱብ አድርገው። «ሳይበላሽብኝ ብሉት። ያ የጣቢያው ሞኝ አንድ ባቡር ከድሬ ይገባል ብሎኝ ቀቅዬ! ከድሬ የመጣ ባቡር ካየን ስንት ጊዜያችን ነው ብዙወርቅ? ሰኔም እንዲሁ አለቀ፣ ሐምሌም ሊያልቅ ነው። የሚመጣም የለ፣ የሚሄድም የለ። እነኩምሳም እዚሁ ጣቢያ ቁጭ ብለው ገበጣ ሲጫወቱ ይውላሉ።»

እኔ እንቁላሉን እያየሁ ምራቄን ዋጥኩ። እናቴ እየላጠችልኝ ነበር። እጇ ቆመ። ግማሹ ተልጦ፣ ግማሹ ከነቅርፊቱ፣ እንቁላሉ መዳፏ ላይ ቀረ።

«ሰኔ ሙሉ?» አለች።

«ሰኔ ሙሉ! ምነው፣ አልሰማሽም? የገብሬ ሚስት ሆነሽ?»

«ሰምቻለሁ» አለች እናቴ። «ረስቼው ነው።» የቀረውን ቅርፊት ላጠች፣ ጨው ነስንሳ ሰጠችኝ። የእንቁላሉ ጣፋጭነት ዛሬም አፌ ላይ አለ፤ በዚህም አዝናለሁ።

አመሻሽ ላይ አባቴ ገባ። በሸሚዙ ላይ ያረጀ ሹራብ ደርቧል፣ ከትከሻው ዝናብ ይንጠባጠባል። ኪሱ ውስጥ እጁን ከተተና በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጣ።

«ቀናው ላከልን» አለ። ሳመኝ፣ ሁለቴ።

ተምሩን ቀመስኩት። ደረቅ ነው፤ ጥርሴን አሳመመኝ። ጣት ላይ አይጣበቅም። ዛሬ ሳስበው ከአቃቂ ገበያ የገዛው የከረመ ተምር ነበር።

«በማን ላከው?» አለች እናቴ።

«በኩምሳ ነዋ።»

«መቼ ገባ ኩምሳ?»

«ዛሬ። ረፋዱ ላይ።» አባቴ ወደ እሳቱ እንጂ ወደ እሷ አላየም።

እናቴ አሁን ልትጮህበት ትችል ነበር። አንተ ውሸታም፣ ልጄን የት አደረስከው፣ ልትለው ትችል ነበር። የሹራቡን እጅጌ ያዘችና ውሃውን ጨመቀችለት።

«ደህና ነው አለህ?»

«ደህና ነው።»

«እንግዲህ ደህና ከሆነ ይበቃል» አለች። «ተምር አይላክ ከእንግዲህ። አንተም በዚህ ዝናብ አትንከራተት ገብሬ። በቃህ። አወቅኩ፤ ደህና ነው።»

አባቴ ቀና ብሎ አያት። ፊቱ እንዴት እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም። ሊናገር አፉን ከፈተ፤ እሷ ጣቷን አፉ ላይ አደረገች፣ ወደ እኔም በዓይኗ አመለከተችው። በዚያ ዘመን እንደዚህ ለሞተ ሰው ማልቀስ ክልክል ነበር፤ ድምፅ አውጥቶ ያለቀሰ ይወሰዳል።

ነጠላዋን አወለቀችና ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ አዘቅዝቃ ለበሰች።

«እማዬ፣ ነጠላሽ ተገልብጧል» አልኳት።

«ይሁን» አለች። ትንሿን ድስት ከምድጃው ጥግ አነሳቻት። ጉልበቷ መሬት ነክቶ ፍሙን ወደ አንድ ሰበሰበችው፣ አንድም ሳታስቀር። አመዱን በእጇ እየዘገነች አለበሰችው፣ ቀስ እያለች፣ ጠርዙን እየጠቀጠቀች፣ ሕፃን እንደሚሸፈን። ቀይ የነበረው ሁሉ ጠፋ። ቤቱ ጨለም አለ።

እኔ እጄን አጨበጨብኩ። እሳቱ ተዳፈነ! እሳት የሚዳፈነው ደግሞ ሁሉም ሲገባ ነው። ቀናው መጥቷል ማለት ነው! ጓዳ ሮጥኩ፤ የለም። አልጋው ሥር አየሁ። ከመጋረጃው ጀርባ፣ ከበሩ ጀርባ፣ የአባቴ መዶሻ ያለበት ጥግ። ሁልጊዜ ድብብቆሽ ስንጫወት እንዲህ ይደበቅብኝ ነበር፣ እስክስቅ ድረስ። የተምር ፍሬ ያጠራቀምኩበትን ጣሳ ይዤ መሐል ቤት ቆምኩና በሙሉ ድምፄ «ቀናው፣ ውጣ! አየሁህ!» ብዬ ጮህኩ።

አባቴ እርጥቡን ሹራብ ፊቱ ላይ አፈነ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እየሳቀ መሰለኝ፤ የተደበቀበትን አውቆ የሚስቅ።

«የት ነው ያለው? አባዬ፣ ንገረኝ! ጓዳ ነው?»

እናቴ ከምድጃው አጠገብ አልተነሳችም። አመድ በነካ እጇ ወደ ራሷ ሳበችኝ፣ ጣሳውን ከእጄ ወስዳ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው።

«ተይው ልጄ» አለችኝ በሹክሹክታ። «ደክሞታል። ይተኛበት።»

እኔም ድምፄን ቀነስኩ። ጫማዬን አወለቅኩ፣ ማሰሪያውን ሳልፈታ። ቀናውን እንዳልቀሰቅሰው በጣቶቼ እየተራመድኩ አልጋዬ ውስጥ ገባሁ።